ሁለት ባላ በአንድ ጉድጓድ

ፓስተሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስካይፕ ይደውላል። ደውሎ የልጁን ፊት ሲያሳየን ከሁለት ልጆች የትኛው እንደሞተ እናውቃለን። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ማሳመሪያ የለውም።

ከሁለቱ አንዱ ወንድሜ ዳና ነው። ሌላው የበዴሳው የእህል ነጋዴ የአቶ ቦልቴ ልጅ፣ ቶማ። በየካቲት ደቡብ አፍሪካ እንገባለን ብለው ተያይዘው ወጡ። ሐምሌ ላይ ከዲምቱ የሄደ ልጅ ከመንገድ ተመልሶ መጣና፣ ከሶዶ በኩል ከወጡት ሁለቱ አንደኛው የታሸገ መኪና ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ አለ። የትኛው ቢባል አላውቅም አለ፤ እሱ የተጫነው በሌላ መኪና ነው። ሰውዬው እንደዚህ ያለ ወሬ ይዞ ከሚመጣ ምነው እዚያው በቀረ ብዬ በልቤ ረግሜዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ አስናቀችም አቶ ቦልቴም ለቅሶ አልተቀመጡም። እንዴት ይቀመጣሉ? በቁሙ ላለ ልጅ ማን ያለቅሳል? የእድሩ ዳኛ አጎቴ ኤርካሎ ናቸው፤ እሳቸውም ድንኳኑን የት እንደሚያስተክሉ ጨንቋቸው ከረሙ።

ታዲያ መስከረም እንደጠባ መልእክት መጣ። ማላዊ ውስጥ እስረኛ የሚጎበኝ አንድ ፓስተር ነው የጻፈው። ከሶዶ የመጣ ልጅ አለ፤ ታሞ ነበር፤ ከታሰረ ጀምሮ አፉን ከፍቶ አልተናገረም፤ ስም ቢጠሩለትም ራሱን አይነቀንቅም። ወረቀት ሲሰጡት የጻፈው የእኛን ኢንተርኔት ቤት የስካይፕ ስም ብቻ ነው። ሲያዝ የሰጠው ስም ደግሞ ሀብተሚካኤል ይላል። እንዲህ ያለ ስም ይዞ ከሶዶ የወጣ ልጅ የለም። ሀብተሚካኤል የእኔ ሸሪክ ነው፤ ሁለቱም ልጆች ያውቁታል፤ እሱ ደግሞ ይኸው ሶዶ አለ። ፎቶ ልከህ አሳየን ብንለው ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው አለ፤ በስካይፕ ማነጋገር ግን ይቻላል። ሕግ ማለት እንግዲህ እንደዚህ ነው። የእስር ቤቱ አለቃ ለአንድ ቀን፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ፈቀደለት። ቀኑ ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ደግሞ የእኔ ቀን ነው።

የእኔ ቀን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔና ሀብተሚካኤል ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ኢንተርኔት ቤቱን በሽርክና ነው የከፈትነው። አባቱ አቶ ገብረማርያም ከጉራጌ አገር መጥተው ከመንገዱ ማዶ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። አብረን ተምረናል፤ አንድ ሳህን ላይ በልተናል። ዳና በሄደ በሳምንቱ ግን፣ ሀብተሚካኤል መጥቶ "እንደሚሄድ ነግሮኝ ነበር" አለኝ። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ነው የነገረኝ። እህቱ እኔ እያለሁ፣ በየቀኑ ፊቴ ተቀምጦ እየዋለ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያን ቀን ያወረድኩበትን ስድብ አልደግመውም፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሰምቶኛል። እኔ ስቆጣ ከአፌ የሚወጣውን አላውቀውም።

ከዚያ ሽማግሌ ገባ። በእኛ ዘንድ ተጣልቶ ጊፋታን፣ የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ መሻገር ነውር ነው፤ ያሮጌውን ዓመት ቂም ይዘህ ወደ አዲሱ ዓመት አትገባም። አጎቴ ኤርካሎና ሁለት ሽማግሌዎች ከጊፋታ በፊት በጉታራ፣ ማለት የሰፈሩ ሽማግሌ ነገር በሚያይበት ሜዳ፣ ነገራችሁን እናያለን ብለው ቀጠሩን። እስከዚያ ድረስ ግን ቃል አሰሩብን። አንዱ የአንዱን ንብረት እንዳይነካ። ነገር እንዳይከር እርስ በርስ እንዳትነጋገሩ። ቀን ተካፍላችሁ ሥሩ። እኛም እሺ አልን። የሽማግሌ ቃል ከጣሰ ሰው ጋር ማን ይበላል?

ወንበርና ጠረጴዛ ቢሆን ቀላል ነበር። ኮምፒውተር ግን እንዴት አድርገህ ትካፈላለህ?

ነገሩን ላስረዳ። እዚህ ሶዶ የሰው ቤት ስትፈልግ የቤት ቁጥር አትጠይቅም። የሰውየውን ስም ለባለ ሱቁ ትነግረዋለህ፤ ባለ ሱቁ "በዚህ ግባ፣ ከወፍጮው አጠገብ ነው" ይልሃል። ኢንተርኔት ላይም እንደዚያ የሚያደርግ አለ። ስም ትነግረዋለህ፣ አድራሻ ይሰጥሃል። ዲኤንኤስ ሰርቨር ይሉታል። ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል። እኛ ቤት ግን በአንዱ ዋና ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ነበሩ። የሀብተሚካኤል አንድ ጊዜ የጠየቀውን አድራሻ አይረሳም፤ መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያተርፍልናል። የእኔ ደግሞ የብልግና ገጾችን ይከለክላል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ልጆቻችን እናንተ ዘንድ ምን እያዩ ነው?" ብለው ከወቀሱን በኋላ ነው የጫንኩት።

በደህናው ጊዜ አንዱን እናንሳ ስለው፣ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" ይለኝ ነበር። እኔም "በአንድ ጉድጓድ ሁለት ባላ የተከለ ማነው?" እለዋለሁ። እየሳቅን እናልፈዋለን።

ሁለቱም ቆመው ጥያቄ የሚቀበሉት በአንድ በር ነው፤ በሩ ደግሞ አንድ ብቻ ያስቆማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ሁለቱም ወደዚያች በር ይሮጣሉ። የቀደመ ይቆማል፤ የዘገየ በሩ ተይዞ ሲያገኘው ወዲያው ይሞታል። ድሮ አንዳችን ብድግ ብለን እናስተካክለው ነበር። ከእግዱ በኋላ ግን የእሱን አልነካም፣ የእኔን አይነካም። እንዲያውም እንዳይነካካ ብለን እያንዳንዳችን የራሳችንን በይለፍ ቃል ቆለፍን። ማን ከማን ያንሳል! ሶዶ ውስጥ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ደግሞ የሶዶ ሰው ያውቀዋል።

ያን ረቡዕ እናቴ ሳትበላ ነው የመጣችው። አቶ ቦልቴ ከበዴሳ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው መጥተው፣ ከእሷ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዟት። ሁለቱ ሰላምታ ተለዋወጡ እንጂ አልተያዩም። እንዴት ይተያዩ? እናቴ የምትጸልየው እኮ የእሳቸው ልጅ ሞቶ እንዲገኝ ነው። እሳቸውም የሚለምኑት የእኔ ወንድም እንዲሞት ነው። እንዲህ ብሎ በአፉ የሚለው የለም፤ ግን ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ደንበኞችን በጠዋት መለስኩ። ስምንት ሰዓት ግድም መብራት ድርግም አለ።

"ይመጣል" አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

መጣም። ኮምፒውተሩ ማጉረምረም ጀመረ። የስካይፕን መስኮት ከፈትኩ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ "መገናኘት አልተቻለም" አለ። ደግሜ ሞከርኩ። እንደዚያው። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ሄጄ ሳይ የሀብተሚካኤል ሰርቨር በሩን ይዞ ቆሟል፤ የእኔ ሞቷል። ክፋቱ ደግሞ መስመሩ ገና ሳይመለስ ነው የተነሳው። ስካይፕ የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ወደ ውጭ ቢጮህ መልስ አጣ፤ "የለም" የምትለውንም አስታወሳት። ያ ሰርቨር እንደ ባለቤቱ ነው፤ አንዴ የያዘውን አይለቅም። መስመሩ ከተመለሰ በኋላም ለጠየቀው ሁሉ "የለም፣ የለም" ይላል።

"ልጄ፣ ይሠራል?" አሉ አቶ ቦልቴ። አማርኛ ላይ ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔን ሁልጊዜ "አንተ" ነው የሚሉኝ። "አንተ ፊትህ ልክ አይደለም።"

"ይሠራል አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አልኩ። ውሸቴን ነበር።

በእሱ ሰርቨር አላልፍም ብዬ የውጭውን ሰርቨር በቀጥታ ልጠይቅ ብል፣ ሀብተሚካኤል ማንኛውም ጥያቄ መጀመሪያ በእሱ እንዲያልፍ አድርጎ አስሮታል። የእኔን ላስነሳ አልኩ፤ ተነሳች፣ በሩ ተይዟል፣ ሞተች። እንደገና አስነሳኋት፣ እንደገና ሞተች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ተኩል አልፏል።

አጎቴ ኤርካሎ የገቡት ይኼኔ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ይዟቸው ነው የዘገዩት። ማንንም ሳይረብሹ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ዱላቸውን በሁለት እግራቸው መሀል አቆሙ።

እኔ አላስቻለኝም። የሀብተሚካኤልን ሰርቨር አስቆምኩት። የሽማግሌ ቃል እዚያው ሽማግሌው ፊት ጣስኩ፤ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ግን አስቆምኩት። ትንፋሼን ሳልመልስ ራሱ ተነሳ። ደግሜ አስቆምኩት፤ ደግሞ ተነሳ። ለካ ብትሞት ተነስ የሚል ጠባቂ ፕሮግራም አቁሞበታል። ለእኔ ነው ያቆመው! ደሜ ፈላ። ጠባቂውን ላንሳ ብዬ ፋይሉን ብከፍት የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ቁጭ ብዬ ኪቦርዱን በቡጢ መታሁት።

"ሶፊ" አሉ አጎቴ፣ "ምንድን ነው የምትነኪው?"

"የእሱን ነው ጋሼ።"

"ምን ብለን ነበር?"

"አትንኩ ብላችሁ ነበር።" ከወንበሬ ተነሳሁ። "እግዱ የተጣለው በዕቃ ላይ ነው ወይስ በወንድሜ ላይ? ንገሩኝ። የእሱን ካልነካሁ ፊቱ አይታይም። ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን እዚያ በሩን ይዘጉታል። ከዚያ በኋላ ለማን እንደምታለቅሱ ሳታውቁ ጊፋታ ይገባል።"

እናቴ "ሶፊ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም ማለቷ ነው። አፌን ዘጋሁ፤ እንባዬ ግን አልዘጋ አለኝ።

አቶ ቦልቴ ባርኔጣቸውን አግዳሚው ላይ አኖሩና ተነሱ።

"ሽማግሌ" አሉ በወላይትኛ፣ "እኔ ነገር ልከራከር አልመጣሁም። የእኔ ከሆነ ልየው። ካልሆነም አውቄው ልሂድ። ሳላውቅ እንዳትመልሱኝ።"

አጎቴ አንገታቸውን አቀረቀሩ። "ቃሉን ያሰርነው ሦስት ሆነን ነው፤ ብቻዬን አልፈታውም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ነገር ግን የራሱን ራሱ ቢነካ እግድ ተጣሰ አይባልም። ጥሪው፤ እኔ ፊት ብትነጋገሩ ነገር አይከርም። ጠዋት ሳልፍም አሁን ስገባም ማዶ ቆሟል፤ አላየሽውም?"

አላየሁትም ነበር። በሩን ከፍቼ ሳይ ከአባቱ ሱቅ ጣሪያ ሥር ቆሟል። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ካፊያ ጫማውንና ሱሪውን አርሶታል። ሱቁ ገብቶ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ግን ከውስጥ ሆኖ የእኛ በር አይታይም። ሳየው ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ አማረኝ። ሁለቱ ስሜት በአንዴ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

"ሀብተሚካኤል" ብዬ ጮክ ብዬ ጠራሁት።

ከኋላዬ አግዳሚው ተንቋቋ። ዞር ስል እናቴ ብድግ ብላ ቆማለች። ለእሷ እኮ ያ ስም ሰሞኑን የምትጠብቀው ፊት ስም ሆኗል። ማንን እንደጠራሁ ስታይ መልሳ ተቀመጠች።

ሀብተሚካኤል መንገዱን ተሻግሮ ገባ፤ ለአጎቴና ለአቶ ቦልቴ እጅ ነሣ፤ የእናቴን ጉልበት ሳመ። እኔን አላየኝም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና "የማን ቀደመ?" አለ።

"ያንተ። 'የለም'ን አስታውሶ እየደጋገመ ነው።"

"ላጥፋው?"

ልቤ አዎ ነበር ያለው። ስድስት ወር ሙሉ ላጠፋው ስመኝ የነበረ ነገር። "አታጥፋው" አልኩት ግን። "ያንተ ያስቀመጣቸው አድራሻዎች ከሌሉ በዚህ መስመር አንድ በአንድ ስንጠይቅ ይመሽብናል።"

እሱም፣ "እንግዲያው የእኔ ወደ ውስጥ ይግባ። ያንቺ በር ላይ ትቁም። የማታውቀውን ውስጥ ገብታ የእኔን ትጠይቀው" አለ።

ይቻላል። ማንኛውም ኮምፒውተር በውስጡ ለራሱ የሚጠቀምባቸው ብዙ አድራሻዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ አድራሻ የየራሱ በር አለው። የሚጣሉት የእሱም የእኔም "በሁሉም በር ላይ እኔ ልቁም" ተብለው ስለታዘዙ ነው። እሱ ያን ቃል ከራሱ ላይ ማንሳት አለበት፤ እኔም ከራሴ። አንዳችን ብቻ ብናነሳ ዋጋ የለውም። ይህን ለመናገር ደግሞ አፍ ያስፈልግ ነበር፤ አፋችንን በቃል አስረን ከረምን።

እሱ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ፋይሉን ከፈተ። ከትከሻው በላይ አሻግሬ ሳይ፣ የእሱ ወደ ውስጥ አድራሻ ገባ። "የለም" የምትለዋንም ከነ ጓዟ ጠረጋት። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እኔም የእኔን ከፈትኩ። "በሁሉም" የሚለውን አጥፍቼ ያችን የውጪዋን በር ብቻ ጻፍኩ፤ ካላወቅሽ ውስጥ ያለውን ጠይቂ አልኳት። ሁለቱንም አስነሳን።

ቆሙ። ሁለቱም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ስካይፕ መዞር ጀመረ፤ ስማችን ብቅ አለ፤ አረንጓዴው ምልክት በራ። ያኔ መብራቱ ሄደ።

ክፍሉ ጨለም አለ። እናቴ "ኢየሱስ" አለች። ፓስተሩ እየደወለ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች የሉም ብሎ ልጁን ወደ ውስጥ መልሶት ይሆናል።

ሀብተሚካኤል አጠገቤ በሹክሹክታ ተናገረ። "ስሜን ለምን እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።"

"ሲሄዱ እዚህ በር ላይ ነው የተሰናበትኳቸው። አትሂዱ ብዬ ለምኛለሁ፤ አልሰሙኝም። ከሁለታችን አንዳችንን ክፉ ነገር ካገኘን የተረፈው በስምህ ይልክልሃል አሉኝ። አንተ ቀድመህ ስማና ለቤተሰብ ቀስ ብለህ ንገር። ለእናቶች በስልክ እንዳይነገር። አስማሉኝ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም። ስለዚህ እኔም የትኛው እንደሆነ አላውቅም።"

ልምታው ወይስ ልቀፈው አላወቅሁም። ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ ሄዶ ሄዶ እሱም እንደኛው ሳያውቅ ነው የከረመው። "ብትነግረኝ አስቀረው ነበር" አልኩት።

"ልታስቀሪው ትችይ ነበር" አለ። አልተከራከረኝም። ይህ የበለጠ አመመኝ።

መብራቱ ሲመጣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኮምፒውተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማን ቀደመ ብዬ አንገቴን እሰግግ ነበር። ያን ጊዜ ግን ለሁለቱም ነው የጸለይኩት፤ ለእሱም ለእኔም ሰርቨር። ስክሪኑ በራ። የእኔ በር ላይ ቆመች። የእሱ ውስጥ ቆመ። ማንም ማንንም አልገፋም።

ስካይፕ ተከፈተ፤ ወዲያው ጠራ።

መጀመሪያ የታየው ፓስተሩ ነው። ላብ በላብ ሆኖ በእንግሊዝኛ "ብዙ ደወልኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረን" አለኝ። ስልኩን አዞረው። ግድግዳ ታየ፣ ጣሪያ ታየ፣ ከዚያ ፊት።

ፀጉሩ የተላጨ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዓይኑ ብቻ የቀረ ልጅ ነው። አላወቅሁትም። ተሸክሜ ያሳደግሁት ወንድሜ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ምስሉ ይቆራረጣል። አቶ ቦልቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው "ቶማ?" አሉ። ልጁ አልመለሰም። "ቶማ፣ እኔ ነኝ" አሉ ደግመው።

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። ከታች በኩል፣ በአንድ ጎን።

እናቴ ጉልበቴን ይዛኝ ነበር። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ እጇ ላላ። ያኔ አወቅሁ። ዳና ሲጨንቀው ከንፈሩን እንዲያ ነው የሚነክሰው፤ ከእሷ በቀር በወጉ የሚያውቀው የለም። ጮኻ መሬት ትወድቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እልልም ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ስክሪኑን ትታ ወደ አቶ ቦልቴ ዞረች። እሳቸው አሁንም "ቶማ" እያሉ ነው። የእሳቸውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ወደ ልጇ መለስ ብላ፣ ደህና ነህ ወይ ሳትለው፣ ስሙን እንኳ ሳትጠራ፣ በወላይትኛ ጠየቀችው።

"ቶማ የት ነው?"

ዳና አንገቱን ደፋ።

አቶ ቦልቴ ባርኔጣቸውን ፈለጉ፤ አግዳሚው ላይ ነበረች፤ አላዩዋትም። ሀብተሚካኤል አንስቶ ሰጣቸው። ባርኔጣዋን ይዘው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ።

"ልጄ" አሉት ዳናን፣ "አንተን አልወቅስህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አፈር አልብሳችሁታል ወይስ መንገድ ላይ ነው የቀረው?"

ዳና አልተናገረም። ሁለት እጁን አነሳና ጣቶቹን፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ አድርጎ፣ ዘረጋ። ምስሉ ቢቆራረጥም ጥፍሮቹ ከሥራቸው የተነቀሉ መሆናቸው ይታያል። እንደዚያ ዘርግቶ ቆየ፤ አቶ ቦልቴ አይተው እስኪጨርሱ ድረስ።

"በእጅህ?" አሉ።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ተባረክ" አሉት። "ተባረክ ልጄ።"

ፓስተሩ ጊዜው አልቋል አለ። ዳና አፉን ከፈተ፤ ሊናገር ነበር መሰለኝ። የተሰማው ግን ድምፅ የለም፤ መስመሩ ተዘጋ። ስክሪኑ ላይ የእኛ የራሳችን ፊት ቀረ።

አቶ ቦልቴ ባርኔጣቸውን አደረጉ። ወደ እናቴ ዞረው በደንብ አዩዋት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያዩዋት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። "አስናቀች፣ እንኳን ደስ አለሽ" አሉ።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ከዚያ ተነስታ የአቶ ቦልቴን ክንድ ያዘች።

"ኤርካሎ" አለች አጎቴን፣ "ድንኳኑን ወደ በዴሳ አስጭነው።"

አጎቴ ዱላቸውን ይዘው ቀድመዋቸው ወጡ። ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ደስታዬን ግን የማደርስበት ቦታ አልነበረኝም። ሀብተሚካኤል መስኮቶቹን ዘጋ፤ ዋናውን ኮምፒውተር ግን አላጠፋውም። እኔም አጥፋው አላልኩትም። መናኸሪያ ወርደን የድንኳኑን እንጨት አብረን እንደምንጭን ማንም ሳይነግረን አውቀነዋል። ያስማሉትን ነገር፣ ዝም ያለበትን ነገር፣ ጉታራ ላይ እጠይቀዋለሁ፤ አልተውኩለትም።

በሩን ቆለፈና ቁልፉን ሰጠኝ። ቀኑ የእኔ ነበር።